በረሃ ይሉኝታ አያውቅም፤ ላስ ቬጋስ ለሰርግ ለምትመጡ ሁሉ

የሰርግ ጥሪ ደረሳችሁ እንበል። የሙሽሮቹ ስም አለ፣ ቀኑ አለ፣ የአዳራሽ ስም ግን የለም። በቦታው «ሬድ ሮክ ካንየን» ወይም «ቫሊ ኦፍ ፋየር» ተብሎ ተጽፏል። እማማ ካርዱን አገላብጠው ያዩና «ታዲያ ሰርጉ የት ነው?» ይላሉ። «ውጭ ነው፣ ድንጋዩ ጋ» ስትሏቸው ደግሞ «ምነው ልጄ፣ አዳራሽ መከራየት አቃታቸው እንዴ?» ብለው ያዝናሉ።

አላቃታቸውም። እዚህ አገር ያደጉ ልጆቻችን ሜዳና ተራራ ላይ መዳር ይወዳሉ። ነገሩን ካሰብነው ለእኛም አዲስ አይደለም። እናትና አባቶቻችን የተዳሩት በዳስ ነው። የባሕር ዛፍ እንጨት ተተክሎ፣ በላዩ ቅጠል ተጥሎ፣ መሬቱ ላይ ቄጤማ ተጎዝጉዞ። ያም ውጭ ነበር። ልዩነቱ ዳሱን የሠራው ጎረቤቱ ሁሉ መሆኑ ነው። ጥላውን የሚያዘጋጅ፣ ውሃ የሚቀዳ፣ ሽማግሌዎችን የሚያስቀምጥ፣ ሰው ሁሉ ሥራ ነበረው። ዛሬ እንግዳው ከሲያትል፣ ከዴንቨር፣ ከሚኒያፖሊስ፣ ከዲሲ በአውሮፕላን መጥቶ በማያውቀው በረሃ ይቀመጣል። «ውሃው የት ነው?» ብሎ ለመጠየቅ እንኳ ያፍራል።

እኔ እዚህ ከተማ ምግብ ቤት አለኝ። ለእንዲህ ዓይነት ሰርግ ምግብ ጭኜ ብዙ ጊዜ ወጥቻለሁ። ሙሽሮቹ አብዛኛውን ጊዜ በሚገባ ተዘጋጅተው ነው የሚጠብቁት። ሰርጉን የሚያከብደው እኛ ከቤታችን ይዘናቸው የምንመጣቸው ሁለት ልማዶች ናቸው፤ አንዱ ማርፈድ፣ ሌላው ይሉኝታ። አዳራሽ ውስጥ ሁለቱም ይታለፋሉ። በረሃ ላይ ግን ማርፈድ ሰርጉን ያሳጣችኋል፣ ይሉኝታ ደግሞ ጤናችሁን። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ የሚያድን ምክር ነው።

ከቤት ሳትወጡ

መጀመሪያ መልስ ስጡ። «እግዚአብሔር ካለ እንመጣለን» መልካም ጸሎት ነው፣ ለምግብ አብሳይ ግን ቁጥር አይሆንም። ስንት ሰው እንደምትሆኑ፣ ስንት ልጅ እንዳለ፣ ጿሚ መኖሩን፣ የእስላም ወይም የክርስቲያን ሥጋ የሚለይ መኖሩን ቀድማችሁ ንገሩ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና አርብ ስለማይጾም ነገሩ ይቀላል። በሌላው ጊዜ ግን የአርብ ሰርግ ከሆነ የጾሙ ምግብ ለብቻው ተዘጋጅቶ መጫን አለበት። በረሃ ላይ «እስቲ ከጓዳ ሽሮ ጨምሩ» ማለት አይቻልም፤ ጓዳ የለም።

ያልተጠራ ሰውም አታምጡ። ይህን ስል ቅር እንዳይላችሁ። አዳራሽ ቢሆን ወንበር ይጨመራል። በሬድ ሮክም ሆነ በቫሊ ኦፍ ፋየር ግን ሰርግ የሚደረገው በፈቃድ ነው፤ ሙሽሮቹ የሰውን ብዛት ጽፈው አስፈቅደዋል። «እግረ መንገዴን ጓደኛዬን ይዤ መጣሁ» ማለት እነሱን ችግር ውስጥ መክተት ነው።

መታወቂያችሁን ዛሬውኑ እዩት። ከሜይ 7 ቀን 2025 ጀምሮ በአገር ውስጥ በረራም የመንጃ ፈቃዱ ሪል አይዲ መሆን አለበት፤ ብዙ ክፍለ ግዛቶች ላይ ጥጉ ላይ ኮከብ አለበት። ኮከቡ ከሌለ አትደንግጡ። ግሪን ካርድ፣ የሥራ ፈቃድ ካርድ፣ የኢትዮጵያም ሆነ የአሜሪካ ፓስፖርት ይሠራል። ለሽማግሌዎቻችን ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙዎቹ መንጃ ፈቃድ የላቸውም፣ ግሪን ካርዳቸውን ደግሞ «እንዳይጠፋ» ብለው ሳጥን ውስጥ ቆልፈው ይመጣሉ። ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከአዋቂ ጋር በአገር ውስጥ ሲበሩ መታወቂያ አይጠየቁም።

ባዶ እጃችንን መሄድ እንደማይሆንልን አውቃለሁ። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ በእጅ ሻንጣ ይገባል። ወጥ፣ ቅቤ፣ ማር፣ አዋዜ ግን እንደ ፈሳሽ ነው የሚቆጠሩት፤ ከ3.4 አውንስ፣ ማለትም ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆኑ ፍተሻው ላይ ይጣላሉ። የሙሽራዋ አክስት ሦስት ቀን ያነጠረችው ቅቤ ቆሻሻ ውስጥ ሲገባ ማየት ያሳዝናል። በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አድርጉት። በርበሬና ሽሮም ብዛት ካላቸው እዚያው ይሁኑ፤ ከ12 አውንስ በላይ የሆነ ዱቄት ተጨማሪ ፍተሻ ያስከትላል። ጠጅ በደንብ ታሽጎ በሚጫን ሻንጣ መሄድ ይችላል። የቤት አረቄ ግን አይሆንም፤ ጠንካራ መጠጥ የሚጫነው ከሱቅ እንደተገዛ፣ ሳይከፈት ነው።

ስለ ልብስ አጭር ነገር ልበል። የሐበሻ ቀሚስ ለበረሃ የተሠራ ይመስላል፤ ጥጥ ነው፣ ነጭ ነው፣ ሰፊ ነው። ነጠላውም ጭንቅላት ላይ ጣል ሲደረግ ከየትኛውም ባርኔጣ ይሻላል። ተረከዘ ረጅም ጫማ ግን ሆቴል ይቅር። አሸዋና ጠጠር ላይ ነው የምትቆሙት፤ ጠፍጣፋና ጣት የሚሸፍን ጫማ አድርጉ። ጋቢ ያዙ። «በረሃ ጋቢ ምን ያደርጋል?» እንዳትሉ፤ ጸሐይ ስትጠልቅ ቅዝቃዜው ወዲያው ነው የሚመጣው። በተለይ ለጥር ሰርግ ጋቢ የግድ ነው። በጃንዋሪ ቬጋስ ሌሊቱ ወደ 40 ዲግሪ ፋራናይት ይወርዳል፣ ሬድ ሮክ ከፍታው ስለሚበልጥ ከዚያም ይብሳል፣ ንፋስም አለው።

ሃሪ ሪድ አየር ማረፊያ ስትደርሱ

ይህ አየር ማረፊያ እስከ 2021 ማብቂያ ድረስ «ማካረን» ይባል ነበር። ዛሬም የቆየ ሰው «ማካረን» ቢላችሁ ሌላ ቦታ መስሏችሁ አትሳቱ፣ አንድ ነው። ስሙ የተቀየረው በዲሴምበር 2021 ሲሆን፣ ሃሪ ሪድ ራሳቸው ያረፉት በዚያው ወር ነው። ሰርችላይት በምትባል ትንሽ የማዕድን ከተማ ተወልደው የአሜሪካ ሴኔት የአብላጫው መሪ ለመሆን የበቁ ሰው ናቸው። የቀድሞው ስም ባለቤት ሴናተር ፓት ማካረን ደግሞ በ1952 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ በስማቸው የሚጠራ ነው። ያ ሕግ ሰው ወደዚህ አገር የሚገባውን በትውልድ አገሩ ኮታ የሚቆጥር ነበር። እንግዲህ እኛ ስደተኞች በዚህ በር ስንገባ ስሙ መቀየሩን ብናውቅ ጥሩ ነው፤ ልጆችም መንገድ ላይ «ሃሪ ሪድ ማነው?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም።

አሁን ወደ ሥራው። ኤርፖርቱ ተርሚናል 1 እና ተርሚናል 3 አለው፤ 2 ቁጥር የለም። የሚቀበላችሁ ሰው «የትኛው ተርሚናል?» ብሎ ሲጠይቅ በግምት አትመልሱ፤ ቲኬቱን አይታችሁ ንገሩት። ከውጭ አገር የሚመጣ በረራ ተርሚናል 3 ነው የሚገባው። «ዲ» በሚል ፊደል በሚጀምር በር ከወረዳችሁ ወደ ሻንጣ መቀበያው የምትሄዱት በሹፌር አልባ ባቡር ነው። ከአዲስ አበባ የመጡ እናት ያን ባቡር ሲያዩ «ሹፌሩስ?» ብለው ቢቆሙ አትሳቁባቸው፤ እጃቸውን ይዛችሁ ግቡ።

ለአረጋውያን ዊልቸር አስቀድማችሁ ለአየር መንገዱ ንገሩ፤ ክፍያ የለውም። እዚህም ይሉኝታ አለ። «እኔ ሽባ ነኝ እንዴ?» ይላሉ። ከአውሮፕላኑ እስከ መኪናው ያለው መንገድ ረጅም መሆኑን፣ ነገ ለጭፈራው ጉልበት መቆጠብ እንዳለባቸው ንገሯቸው። በጭፈራው ከመጣችሁ እሺ ይላሉ።

ከአውሮፕላኑ እንደወረዳችሁ የምትሰሙት የቁማር ማሽን ድምፅ ነው። ቬጋስ ነዋ! ልጆች ብርሃኑን አይተው ይሮጣሉ። ቁማር ከ21 ዓመት በታች ክልክል ነው፣ ልጆች ማሽኖቹ አጠገብ መቆምም የለባቸውም። ሕፃኑን ማሽኑ ፊት አቁማችሁ ፎቶ ለማንሳት አትሞክሩ።

መኪና የምትከራዩ ከሆነ ቢሮዎቹ ተርሚናሉ ውስጥ አይደሉም። ሁሉም ወደ 3 ማይል ርቀት ላይ ባለ አንድ ሕንፃ ተሰብስበዋል፤ ከሁለቱም ተርሚናሎች ነጻ አውቶቡስ ይወስዳል። ለዚህ ቢያንስ አንድ ሰዓት መድቡ። ልጅ ካላችሁ ስለ መቀመጫ አስቡ። በኔቫዳ ሕግ ከ6 ዓመት በታች የሆነና ቁመቱ 57 ኢንች ያልሞላ ልጅ በልጅ መቀመጫ ነው የሚጓዘው። ኡበርና ሊፍት ደግሞ ተሳፋሪ የሚያነሱት ከፓርኪንግ ሕንፃው ውስጥ እንጂ ከበሩ ፊት ለፊት አይደለም፤ ምልክቱን ተከተሉ።

ታክሲ ከያዛችሁ ደግሞ ሹፌሩን ቀና ብላችሁ እዩት። እዚህ ከተማ ታክሲና ሊሞ በመንዳት ልጅ ያሳደገ፣ ቤት የገዛ ወገናችን ብዙ ነው። «ሐበሻ ነህ?» ማለት ብቻ ነው። የምትሄዱበትን ከመንገራችሁ በፊት የሰርጉን ወሬ ሰምቶት ይሆናል።

አንድ የምታስገርም ነገር ልጨምር። የክላርክ ካውንቲ የጋብቻ ፈቃድ ቢሮ በየቀኑ፣ በበዓል ቀን ሳይቀር፣ ከጠዋቱ 8 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ክፍት ነው። በፌብሩዋሪ የፍቅረኞች ቀን ሰሞን ደግሞ እዚሁ ኤርፖርት ውስጥ ጊዜያዊ መስኮት እየከፈተ ፈቃድ ይሰጣል። ሻንጣቸውን እየጠበቁ ወረቀት የሚያወጡ አሉ ማለት ነው። አንድ ምስክርም ያስፈልጋል፤ ሙሽሮቹ እናንተን ከመረጡ ክብር ነው፣ መታወቂያችሁን ይዛችሁ በሰዓቱ ተገኙ።

የትኛው ድንጋይ ነው?

ሬድ ሮክ ካንየን ከስትሪፑ ወደ ምዕራብ 17 ማይል ያህል ነው፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ድንጋዩን ያቀላው በውስጡ ያለ ብረት ነው፣ ልክ እንደ ዝገት። በውስጡ 13 ማይል የሚዞር መንገድ አለ፤ ባለ አንድ አቅጣጫ ነው። ይህን ልብ በሉ። የሰርጉን ቦታ ካለፋችሁት ወደ ኋላ መመለስ የለም፤ 13ቱን ማይል ዞራችሁ እንደገና ነው የምትገቡት። ከኦክቶበር 1 እስከ ሜይ 31 ደግሞ በቀን ለመግባት የሰዓት ቀጠሮ በኢንተርኔት መያዝ ያስፈልጋል። የእናንተ መኪና በሙሽሮቹ ፈቃድ ውስጥ ይካተት እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ በሩ ላይ ደርሳችሁ ሙሽራዋን በስልክ አታስጨንቁ።

ቫሊ ኦፍ ፋየር ወደ ሰሜን ምሥራቅ 50 ማይል ያህል ነው፤ አንድ ሰዓት ይፈጃል። በ1930ዎቹ የተከፈተ፣ የኔቫዳ የመጀመሪያው ስቴት ፓርክ ነው። አትላትል ሮክ በሚባለው ዐለት ላይ የጥንት ነዋሪዎች የቀረጿቸው ሥዕሎች አሉ። ልጆቻችሁን አሳዩአቸው፣ ግን አይንኩት፤ የእጅ ላብ ያበላሸዋል። እዚያ ስልክ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። ካርታውን ሆቴል ሳላችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱ፣ አድራሻውንም በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ።

ሦስተኛው ማውንት ቻርልስተን ነው። ጫፉ 11,916 ጫማ ከፍታ አለው፣ ጥዱ ለእንጦጦ ሰው አዲስ አይሆንበትም። ከከተማው ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ፋራናይት ይቀዘቅዛል፤ ሰመር ላይ የሚዳሩ ልጆች ይህን ቢመርጡ ብልህ ናቸው። በክረምት በረዶ አለው።

የሰመሩን ሙቀት ግን በወሬ አትገምቱት። ጁላይ 7 ቀን 2024 የላስ ቬጋስ ሙቀት 120 ዲግሪ ፋራናይት ደረሰ፤ በሴልሺየስ ወደ 49 ነው። ከተማው መለካት ከጀመረ እንዲህ ያለ ቀን አልነበረም። የተለካውም ሌላ ቦታ ሳይሆን እዚሁ ሃሪ ሪድ አየር ማረፊያ ላይ ነው፤ የከተማው ይፋ መለኪያ ያለው እዚያ ነውና። ስለዚህ ስልካችሁ ላይ የምታዩት የቬጋስ ሙቀት አውሮፕላናችሁ የሚያርፍበት የኤርፖርቱ ሙቀት ነው። ቫሊ ኦፍ ፋየር ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር ደግሞ ድንገተኛ ዝናብና ጎርፍ አለ። ውሃ የሚሄድበትን አስፋልት በመኪና አቋርጣለሁ አትበሉ፣ ጥልቀት የሌለው ቢመስልም።

ጸሐይ አትጠብቅም

አሁን ስለ ማርፈድ። የሐበሻ ሰዓት የሚባለውን እኔም አውቀዋለሁ፣ ለ6 ሰዓት የተጠራ 8 ሰዓት ይመጣል። አዳራሽ ውስጥ ሙሽሮቹ ራሳቸው ዘግይተው ስለሚገቡ ማንም ላይ ምንም አይደርስም። ውጭ ሰርግ ላይ ግን ሰዓቱን የሚወስነው ሙሽራ አይደለም። ሥነ ሥርዓቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀጠረው ጸሐይ ከመጥለቋ አንድ ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ ነው። በአፕሪል አጋማሽ ጸሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 7፡15 ገደማ፣ በዲሴምበር 4፡30 ገደማ ነው። የሬድ ሮክ መንገድም በሌሊት አይከፈትም፤ በክረምት ወራት 5 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ግማሽ ሰዓት ያረፈደ ሰው የሚደርሰው ወንበር ሲታጠፍ ነው።

ሰዓቱ ሲነገራችሁም በአሜሪካ አቆጣጠር መሆኑን ለእማማና ለአባባ አስረዱ። «በ4 ሰዓት» ሲባሉ ከረፋዱ መስሏቸው በጠዋት ለብሰው የሚጠብቁ አሉ። ከምሥራቅ የምትመጡ ደግሞ ቬጋስ ከዲሲ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። የመጀመሪያውን ማታ ሰውነታችሁ በጊዜ ይደክማል፤ ስለዚህ በሰርጉ ዕለት ጠዋት አትብረሩ፣ አንድ ቀን ቀድማችሁ ግቡ።

ስለ ሆቴልም በዚሁ ልበል። ትልልቅ ጉባኤ በሚኖርበት ሳምንት፣ በኖቬምበር ደግሞ የፎርሙላ ዋን ውድድር ሰሞን፣ ዋጋው ሰማይ ይነካል። «ሪዞርት ፊ» የሚባል ጭማሪም አለ፤ ከመክፈላችሁ በፊት ጠቅላላውን ጠይቁ። ልጆች ካሏችሁ ካዚኖ የሌለው ሆቴል ፈልጉ፣ አለ።

ውሃና ይሉኝታ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ክፍል ብቻ ለቤተሰባችሁ ጮክ ብላችሁ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ምግብ ባቀረብኩበት አንድ ሰርግ ላይ አንዲት ትልቅ እናት የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ሜይ ነው፣ ንፋስ አለ፣ ሙቀቱም ያን ያህል አይሰማም። የሙሽራዋ እህት ሦስት ጊዜ ውሃ አቀረበችላቸው። ሦስቱንም ጊዜ «ቆይ ልጄ፣ ይደርሳል፣ ለሌሎቹ ስጪ» አሉ። ሙሽሮቹ ጉልበታቸውን ሊስሙ ሲጎነበሱ እኒህ እናት ልጁን በሌላ ስም ጠሩት። መጀመሪያ ሰው ሳቀ። ከዚያ አንገታቸው ዘንበል አለ።

ተሸክመን ጥላ ውስጥ አስገባናቸው፣ ነጠላቸውን ውሃ ነክረን አንገታቸውና ብብታቸው ላይ አደረግን። አንድ ወጣት ስልክ እስኪያገኝ ድረስ መኪና ነድቶ ወጥቶ 911 ጠራ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርፈዋል፣ ዛሬም ደህና ናቸው። ሆስፒታል ሄጄ ስጠይቃቸው ግን ያሉኝ ነገር ከአእምሮዬ አይወጣም፤ «ጠምቶኝ ነበር። ሽንት ቤቱ ሩቅ ነው፣ ሰው ላስቸግር አልፈለግሁም።»

ነገሩ ይኸው ነው። እናቶቻችንና አባቶቻችን ውሃ የማይጠጡት ስላልጠማቸው አይደለም። ደጋፊ ፈልገው በጠጠር ላይ ወደ ሩቅ ሽንት ቤት መሄዱን ስለሚያፍሩበት ነው። ስለዚህ ውሃ ከማቅረባችሁ በፊት ሽንት ቤቱን አሳዩአቸው። «እትዬ፣ እዚያ ጋ ነው፣ መኪና አለኝ፣ ሲፈልጉ እኔ አደርስዎታለሁ» በሏቸው። ያኔ ይጠጣሉ። ከዚያም «ይጠጣሉ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ክፈቱና እጃቸው ላይ አድርጉት። ቡና ላይ አንድ ጊዜ እምቢ ማለት ወግ ነው፣ ሁለተኛው ላይ ይቀበላሉ። ውሃ ላይ ግን ለወጉ ጊዜ የለንም።

በሙቀት ቀን ውጭ የሚውል አዋቂ በቀን አንድ ጋሎን፣ ወደ 4 ሊትር ገደማ ውሃ ያስፈልገዋል። ከሰርጉ በፊት በነበረው ማታ ጀምራችሁ ጠጡ። ቢራና ጠጅ ውሃ አይተካም፤ እንዲያውም ያለውን ያስወጣል። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ላቡ ወዲያው ይተናል፣ «አላላበኝም» ብላችሁ አትታለሉ። ለደም ግፊት ውሃ የሚያስወጣ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ ከጉዞው በፊት ሐኪሙን ያማክር። የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊኑን መኪና ውስጥ አይተው፣ ሙቀቱ ያበላሸዋል።

ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጡንቻ መኮማተር ከታየ ወደ ጥላ፣ ወደ ኤሲ፣ ውሃ ቀስ በቀስ። ሰውየው ከተደናገረ፣ ንግግሩ ከተዘበራረቀ ወይም ራሱን ከሳተ 911 ነው፤ እስኪመጡ ሰውነቱን አቀዝቅዙ፣ ራሱን ለሳተ ሰው ግን ውሃ አፉ ውስጥ አታፍስሱ። ከእያንዳንዱ አረጋዊ ጋር አንድ ወጣት መድቡ። ሚዜ ለሙሽራ ብቻ ነው ያለው ማነው?

ምግብና ቡና

እዚህ ላይ እንደ ባለሙያ ልናገር። የበሰለ ምግብ ከሙቀት ማቆያና ከበረዶ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አይቀመጥም። ሙቀቱ ከ90 ፋራናይት ካለፈ 1 ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ «ክትፎ የለም እንዴ?» ብላችሁ አታጉረምርሙ። ጥሬ ሥጋ በረሃ ላይ የሚያቀርብ ሰው ባለሙያ አይደለም። ክትፎውን ለመልሱ ቀን፣ ቤት ውስጥ ትበላላችሁ። የቀረበውን ምግብም «ለማታ» ብላችሁ በሳህን መኪና ውስጥ አታስቀምጡ።

እንጀራም በዚህ አየር ከተገለጠ ደቂቃ ሳይቆይ ጠርዙ ይደርቃል። የምትበሉትን ያህል አንሱና መሶቡን መልሳችሁ ክደኑ። ከሆቴል ሳትወጡ ቁርስ ብሉ፤ በባዶ ሆድ በረሃ መውጣት አያዋጣም።

ከሰልና እጣን ይዛችሁ አትምጡ። በደረቁ ወቅት እሳት የሚከለከልባቸው ወራት አሉ፣ ፈቃዱም ላይ ላይፈቀድ ይችላል። ቡናው ተፈልቶ በፔርሙዝ ይመጣል፣ ሥርዓቱ በመልሱ ቀን ይሟላል። ቄጤማ፣ ፈንዲሻ፣ አበባም መሬት ላይ አትበትኑ። ያመጣችሁትን ሁሉ ይዛችሁ ተመለሱ። ትንሽ ምንጣፍ ካላችሁ ግን አምጡ፤ ሙሽሮቹ ጉልበት ሲስሙ ተንበርክከው ነው፣ ጠጠሩ ጉልበታቸውን ይቆርጣል።

ልጆች

ለልጆች ይህ ሰርግ ከአዳራሽ ይሻላል፤ ዝም በሉ የሚላቸው የለም። ሦስት ነገር ብቻ ንገሯቸው። አንድ፣ እጅ ከድንጋይ ሥር አይገባም፤ እባብና ጊንጥ አለ። ሁለት፣ የበረሃ ኤሊ ብታዩ አትንኩ፣ የዱር አህዮች ብታዩ አታብሉ፤ ሁለቱም በሕግ የተጠበቁ ናቸው። ሦስት፣ ዐለት ላይ መውጣት ከአዋቂ ጋር ብቻ ነው፤ አሸዋማው ድንጋይ ይሰበራል። ለወላጆች ደግሞ አንድ ነገር፤ «ተኝቷል» ብላችሁ ሕፃን መኪና ውስጥ አትተዉ፣ ለ5 ደቂቃም ቢሆን።

በማግስቱ

መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ከተማ ውስጥ ነው። ክላርክ ካውንቲ በ2023 በዲኬተር ጎዳና አካባቢ ያለውን የወገኖቻችንን ሰፈር «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሞታል። ምግብ ቤቱ፣ ቡናው፣ ገበያው እዚያ አለ፤ የማንንም ስም አልጠራም፣ የራሴንም ጨምሮ፣ ሁላችንም እንጀራ ፈላጊ ነን። ከሰርጉ የቀረበት ሽማግሌ ካለ እዚያ ይመርቃል፤ ክትፎውም እዚያ ነው። ወደ ኤርፖርት ስትመለሱ እሑድ ከሰዓት ፍተሻው ረጅም ሰልፍ ስላለው ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ።

ይህችን ቆርጣችሁ ፍሪጅ ላይ ለጥፏት፦

መልስ ሰጥተናል፣ ቁጥራችንን ተናግረናል።
የሁሉም ሰው መታወቂያ አለ፣ የእማማም ጭምር።
ተርሚናላችንን እናውቃለን።
ካርታው ስልክ ላይ፣ አድራሻው በወረቀት።
ጠፍጣፋ ጫማ፣ ነጠላ፣ ጋቢ።
ለአንድ ሰው አንድ ጋሎን ውሃ።
ለእያንዳንዱ አረጋዊ አንድ ወጣት።
ሽንት ቤቱን አሳይተናል።
ከተጠራንበት ሰዓት ግማሽ ሰዓት ቀድመን እንደርሳለን።

እንኳን ደስ ያላችሁ። በሰላም ግቡ።